«በተዘዋዋሪ» ማለት ብቻ አይበቃም

ባለፈው ሰሞን በእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ ከምንባቡ መካከል «ኦብሊክሊ» የምትል ቃል ወጣችና ትርጉሟን ጠየቅን። «በተዘዋዋሪ» ተባልን፤ ጻፍን። ከኋላ ወንበር አንዱ ጓደኛችን እጁን አውጥቶ «ታዲያ ኢንዳይሬክትሊ ምንድን ነው?» አለ። እሱም በተዘዋዋሪ ሆነ። ደወሉ ተደወለና ወጣን፤ ክርክሩ ግን እስከ እራት ድረስ አልለቀቀንም። ነገ ተማሪ ፊት ስንቆም ሁለቱን በአንድ ቃል ልናልፋቸው ነውን?

በእኛ አስተያየት ሁለቱ ቃላት አንድ አይደሉም። ኢንዳይሬክትሊ ሲባል በመካከል ሌላ ነገር ወይም ሌላ ሰው አለ ማለት ነው። እኛ የቡና አገር ሰዎች ለዚህ ምሳሌ አናጣም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1975 በብራዚል፣ በፓራና ግዛት ከባድ ውርጭ ወርዶ የቡናውን ተክል አቃጠለው። የዓለም ገበያ ዋጋም እስከ 1977 ድረስ ናረ። ያ ውርጭ በቴፒም ሆነ በበበቃ አንዲት ቅጠል አልነካም፤ የኢትዮጵያን ቡና ዋጋ ግን ነክቷል። ይህ ኢንዳይሬክትሊ ነው፤ በተዘዋዋሪ ብንለው ልክ ነው። ኦብሊክሊ ግን ልንለው አንችልም። ውርጭ አሽሙር አያውቅማ!

ኦብሊክሊ ሥሯ ላቲን ሆኖ ሰያፍ ማለት ነው። በጂኦሜትሪ ቀጥ ብሎ ያልቆመ፣ አግድምም ያልተኛ፣ ዘመም ያለ መስመር በዚሁ ስም ይጠራል። ሰው እንዲህ ተናገረ ሲባል በመካከል ማንም የለም፤ ተናጋሪና አድማጭ ፊት ለፊት ናቸው፤ ዘመም ያለው ነገሩ ነው። ስለዚህ ቃሏ ብዙ ጊዜ ጠቆመ፣ ጠቀሰ፣ መለሰ ከሚሉት ግሦች ጋር ትሄዳለች። በአማርኛ በአግቦ፣ በአሽሙር፣ በጎን እንላለን፤ የአዲስ አበባ ልጅ በሾርኒ ይላል። ሆኖም አግቦና አሽሙር እሾህ አላቸው፤ እንግሊዝኛዋ ግን ለጨዋ ጥንቃቄም ትሆናለች። «ነገሩን ነካ አድርጎ አለፈ» ብንል ብዙውን ጊዜ ይስማማል።

ነገሩ የመዝገበ ቃላት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን የሚያህል የግድግዳ ቦታ ባልወሰድን። ዘመም አድርጎ መናገር በአገራችን ትልቅ ጥበብ ነው። የቅኔ ተማሪ ሰምና ወርቁን ለመለየት ዓመታት ይደክማል። ዶናልድ ሌቪን የተባለው አሜሪካዊ የሶሺዮሎጂ ምሁርም እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ አማራ ባህል ላሳተመው መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ስም የሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም። «ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም» ይባላል። ጥያቄው ግን፣ ሰሙን ገና እየለመደ ያለ ልጅ ወርቁን ከየት ያምጣው?

በመጨረሻው የማስተማር ልምምድ ከሚዛን ወጣ ባለ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመድበን ነበር። ቤቱ ቤንችኛ የሚነገርበት አንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ አርፍዶ ገባ። ከእኛው አንዱ (ስሙን አንጠራም፤ ይህን ስንጽፍ አብሮን ተቀምጧል) «ጎበዝ! ዛሬማ ቀድመኸን መጣህ» አለው። ልጁ ደስ ብሎት ፈገግ አለና ወደ ቦታው ሄደ። በአማርኛ አፋቸውን የፈቱት ሦስት አራት ልጆች ሳቁ። ጓደኛችን የተቀለደበት መሰለውና «ትስቃለህ ደግሞ!» ብሎ በር ላይ አቆመው። በማግስቱ ልጁ እንደገና አርፍዶ መጣ። ለምን አይመጣ? ጎበዝ የተባለው በማርፈዱ ነው፤ የተቀጣው በመሳቁ ነው። ስለዚህ በሁለተኛው ቀን አልሳቀም።

ቤንችኛ ተናጋሪ የሆነው የዶርም ጓደኛችን ይህን ሲሰማ አንድ ነገር አስረዳን። በቋንቋቸው የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ቃልን ከቃል ይለያል፤ የቋንቋ ምሁራን አምስት ደረጃዎች ይቆጥሩለታል። በአማርኛ ግን «ጎበዝ» ከፍ ብላም ዝቅ ብላም ያው «ጎበዝ» ናት፤ ምስጋናውን ከስድቡ የሚለየው የተናጋሪው ለዛ ነው። ይህን ለዛ መጽሐፍ አያስተምርም። ቤንቹም ካፋውም ሸኮውም በራሱ ቋንቋ አግቦ አይጠፋውም፤ የሌላውን አግቦ መያዝ ግን ሌላ ነገር ነው። ክልላችን በ2014 ዓ.ም. ሲመሠረት የሥራ ቋንቋው አማርኛ ሆኗል፤ ብዙው ልጅ ግን አማርኛን የሚለምደው ከእኛ ከመምህራኑ ነው።

በሦስተኛው ቀን ያው ጓደኛችን «ለምን አረፈድክ?» ብሎ ጠየቀው። «ቲቸር፣ ዘነበ፤ ወንዝ ሞላ» አለ። በቃ፣ ይኸው ነበር።

ፊት ለፊት መናገር ብልግና ነው የሚሉን አሉ። ለሽማግሌ፣ ለአባት እውነት ነው፤ እኛም አያታችንን «አረፈዱ» ብለን አንናገርም። ልጅን ግን በግልጽ ማረም ማዋረድ አይደለም።

ደግሞ ችግሩ በልጆቹ ላይ ብቻ አልቀረም። ከካፋ የመጣውን አንዱን ጓደኛችንን ገምጋሚው «ሰሌዳው ዛሬ ጠግቧል» አሉት። ምስጋና መስሎት ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰሌዳውን ከጥግ እስከ ጥግ ሲሞላ ከረመ። ውጤቱ ሲመጣ በሰሌዳ አጠቃቀም ከአምስት አንድ አገኘ። መምህራኖቻችን እንዳይቀየሙን እንለምናለን፤ ይህን የምንለው በጎን ለመውጋት ሳይሆን ፊት ለፊት ነው። ከሚቀጥለው ልምምድ ጀምሮ የግምገማው አስተያየት «ይህን አድርግ፣ ይህን ተው» ተብሎ በጽሑፍ ይሰጠን። እኛም በበኩላችን ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ስናስተምር «ጎበዝ»ን ለጎበዝ ብቻ ልንላት ተስማምተናል። የቅጹን ረቂቅ የሚያዘጋጀው ያው የሰሌዳው ጓደኛችን ነው፤ ሐሳብ ያለው ሁሉ ከእራት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ያገኘዋል።