«ሊሆን ይችላል» እና «ነው» ይለያያሉ

አዲስ ነገር ሠርታችሁ ስታሳዩ «ይሄ እኮ ድሮም ነበረ» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔም ብዬ አውቃለሁ። «እስቲ የት ነበረ?» ስባል ግን ብዙ ጊዜ መልስ አጥቻለሁ። በጨዋታ መሃል ችግር የለውም፤ የፓተንት ክርክር ላይ ግን ይህቺ አባባል መብት ታሳጣለች።

በአሜሪካ ሕግ ፓተንት የሚሰጠው ለአዲስ ፈጠራ ነው። ቀደም ብሎ የወጣ ሰነድ አንድን ነገር በግልጽ ባይጽፈውም «በውስጡ አለ» ብሎ መከራከር ይቻላል። ቅድመ ሁኔታው ግን ያልተጻፈው ከተጻፈው የግድ የሚከተል መሆኑ ነው። ለምሳሌ ሎራታዲን የተባለውን የአለርጂ መድኃኒት ስንውጥ ሰውነታችን ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ይቀይረዋል። በዚያ ንጥረ ነገር ላይ የተያዘው ፓተንት 2003 ላይ በፍርድ ቤት ውድቅ ሲሆን ምክንያቱ ይኸው ነበር። እዚህ ላይ እኔም እስማማለሁ።

ኮምፒውተር ግን እንደ ሰውነት አይደለም። አንዱን ሥራ በብዙ መንገድ ማሠራት ይቻላል። ኮድ የምትጽፉ ልጆች ይህን ታውቁታላችሁ።

የፐርሰናልዌብ እና የአፕልን ክርክር እንይ። ፓተንቱ ፋይልን ልክ እንደ ጣት አሻራ ከይዘቱ ተሰልቶ በሚወጣ መለያ ስለመለየት ነው። አፕል ፓተንቱን ለማሰረዝ ከጠቀሳቸው ሰነዶች አንዱ ስለ ባክአፕ የሚያወራ የቆየ ፓተንት ነበር። ይህ ሰነድ መለያውን ከሌሎች መለያዎች ጋር ስለማወዳደር በግልጽ አልጻፈም። የፓተንት ቢሮው ቦርድ ግን «ፋይሉን ለማግኘት ማወዳደሩ አይቀርም» በሚል ለአፕል ወሰነ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት 2019 ላይ ውሳኔውን ገለበጠው። ሲስተሙ ፋይሉን በተለመደው የፋይል አፈላለግ ሊያገኘው ይችል ነበራ! ሌላ መንገድ ካለ ደግሞ «የግድ» የሚባል ነገር የለም።

ፐርሰናልዌብ ብዙ ኩባንያዎችን በመክሰስ የሚታወቅ ድርጅት ነው፤ ላዝንለት አልተነሳሁም። ግን መመዘኛው ለምንወደውም ለማንወደውም አንድ ካልሆነ፣ ነገ ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብሎ ኮድ የሚጽፍ ልጅ ላይ ይመጣል። «ይህን ማንኛውም ባለሙያ ያስበው ነበር» ማለት ራሱን የቻለ ክርክር ነው፤ ምክንያቱ ይቅረብና እንከራከር። ያልተጻፈን ነገር «ተጽፏል» ማለት ግን ሌላ ነው። «ነበረ» ያለ ሰው ያሳይ።