ሳይለኩ ማዘዝ ስለሚያመጣው ጉዳት

ልብስ ሰፊ የባለቤቱን ቁመትና ትከሻ ሳይለካ ጨርቁን እንደማይቆርጥ፤ ግንበኛም የመሬቱን ጠባይ ሳይመረምር መሠረት እንደማይጥል ማንም የሚያውቀው ነገር ነው። ነገር ግን ክፍሉ ብዙ፣ ዓይነቱም ልዩ ልዩ የሆነ ዕቃ በሚታዘዝበት ጊዜ ይህ የታወቀ ጥበብ ሲዘነጋ ይታያል። «አንድ የውሃ ፓምፕ ይገዛልን» ብሎ በአንድ መሥመር መጻፍ «አንድ ልብስ ይሰፋልን» ከማለት የሚለይ አይደለም።

ለምሳሌ ፑኝዶን እንመልከት። ፑኝዶ በጋምቤላ ክልል በጎግ ወረዳ በጊሎ ወንዝ አካባቢ ያለች ስፍራ ናት፤ ከጋምቤላ ከተማም ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1993 የተከፈተው የስደተኞች መጠለያ በመጀመሪያ ከሱዳን፣ በኋላም ከደቡብ ሱዳን የመጡትን ሰዎች ተቀብሏል። ክረምት ሲገባ መንገዱ ስለሚበላሽ፣ ተሳስቶ የመጣ ዕቃ ተመልሶ እስኪለወጥ ድረስ ብዙ ቀን ያልፋል። በዚያም ጊዜ ጀሪካን ተሸክመው የሚመላለሱት ሴቶችና ልጆች ናቸው።

እንግዲህ በእንደዚህ ያለ ስፍራ ለ3,000 ሰዎች፣ ለእያንዳንዱም በቀን 20 ሊትር ውሃ ይሰጥ ቢባል፣ የሚያስፈልገው 60,000 ሊትር ነው። ጕድጓዱ በሰኮንድ 2 ሊትር ብቻ የሚያፈልቅ፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራውም ፓምፕ በቀን 5 ሰዓት የሚስብ ቢሆን ግን፣ የሚገኘው ከ36,000 ሊትር አይበልጥም፤ ይህም የሚበቃው ለ1,800 ሰዎች ነው። ትልቅ ፓምፕ ቢገዛ ጕድጓዱን ያደርቀዋል እንጂ ውሃውን አያበዛውም። ስለዚህ ወይ ሁለተኛ ጕድጓድ መቈፈር፣ ወይም ፀሐይ በማይኖርበት ሰዓት የሚሠራ ሞተር መጨመር ግድ ይሆናል። ይህ ሁሉ መታወቅ የሚገባው ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ ነው።

በዛሬው ዘመን ይህን ምርመራ በኢንተርኔት በተሠራ የጥያቄ መምሪያ መፈጸም ይቻላል። መምሪያው የሰዉን ቍጥር፣ የጕድጓዱን ጥልቀትና ስፋት፣ የሚያፈልቀውን ውሃ፣ የማጠራቀሚያውን ከፍታ በተራ ይጠይቃል፤ እያንዳንዱም መልስ የሚቀጥለውን ጥያቄ ይወስናል፤ እርስ በርሳቸው የማይስማሙትን ዕቃዎች አስቀድሞ ያስወግዳል። ሐሳቡም አዲስ አይደለም። በአሜሪካ ጆን ማክደርሞት የተባሉ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ሊቅ በ1978 የጀመሩት ኤክስኮን የተባለው ፕሮግራም፣ ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን የሚሸጣቸውን ኮምፒዩተሮች ክፍል ከክፍል እያስማማ ትእዛዙን ያርም ነበር።

«ባለሙያ እያለ መምሪያ ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖር ይሆናል። መምሪያው የመሐንዲሱን ስፍራ የሚወስድ አይደለም፤ ትእዛዙ ተሟልቶ ወደ መሐንዲሱ እንዲደርስ የሚያደርግ ነው። «ኢንተርኔቱ በየጊዜው በሚቋረጥበት አገር እንዴት ይሆናል?» ለሚለው ደግሞ፣ ጥያቄዎቹ በስልክ ተቀምጠው መሥመር በተገኘ ጊዜ እንዲላኩ፣ በወረቀትም እንዲታተሙ ማድረግ ይቻላል። ቋንቋውም አማርኛ ብቻ ሳይሆን አኝዋክኛና ኑዌርኛ ሊሆን ይገባዋል፤ የጕድጓዱን ጠባይ አጥርቶ የሚያውቀው በአጠገቡ የሚኖረው ሰው ነውና።

ከሁሉ ይልቅ ልንጠነቀቅበት የሚገባው ግን መምሪያውን የሚሠራው ማን እንደ ሆነ ነው። ሻጭ ብቻውን ቢሠራው ገዢውን ውድ ወደ ሆነው ዕቃ ሊመራው ይችላል። ስለዚህ መምሪያው ስሌቱን በግልጥ የሚያሳይ፣ አንዱን ዕቃ ሲከለክል ምክንያቱን የሚናገር፣ መልሱ ያልታወቀ ነገር ሲገጥመውም በግምት ከማለፍ ይልቅ ቆሞ «ይህ ይለካ» የሚል መሆን አለበት።

የውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴርም ከክልሉ የውሃ መሥሪያ ቤት ጋራ ተማክሮ ይህን ሥራ ቢጀምር መልካም ነው። ጥያቄ መጠየቅ የአንድ ሰዓት ድካም ነው፤ ሳይጠይቁ ማዘዝ ግን ለአንድ ክረምት ሙሉ የሕዝብ ጥም ነው።