የጨው ነገር ለእናት ብቻ አይተው



የሕፃናት አዮዲን እጥረት በተነሳ ቁጥር መፍትሔው «የእናቶችን ግንዛቤ ማሳደግ» ነው ይባላል። ትምህርቱን አልጠላም፤ ነገር ግን ሸክሙ ያለ ቦታው የወደቀ ይመስለኛል። እናት ወጥ ላይ የምትጨምረው ጨው አዮዲን ይኑረው አይኑረው በአብዛኛው የሚወሰነው እሷ ከመግዛቷ በፊት ነው። ጨው ከአፍዴራ ተነስቶ እኛ ጋ ፀዳ እስኪደርስ ረጅም መንገድ ይጓዛል። ከደረሰም በኋላ አፉ በተከፈተ ማዳበሪያ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ በጣሳ እየተሰፈረ ከተሸጠ፣ ፀሐይና እርጥበት አዮዲኑን ያሳሱታል። ገዢዋ በዓይኗ አይታ የምትለየው ነገር የለም።

በ2003 ዓ.ም. ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድደው ደንብ ቁጥር 204 ወጣ። በዚያው ዓመት በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከመቶ ቤት በ15ቱ ገደማ ነበር፤ በ2008ቱ ጥናት 89 ደረሰ። በአምስት ዓመት ውስጥ የእናቶች እውቀት ስድስት እጥፍ አደገ የሚል ያለ አይመስለኝም። የተለወጠው ወደ ገበያ የሚገባው ጨው ነው። ቢሆንም አዮዲን አለ ማለት በቂ ነው ማለት አይደለም። ቤት ውስጥ በኪሎ ቢያንስ 15 ሚሊግራም ሊገኝበት ይገባል፤ በፀሐይና በእርጥበት የሚደርሰው የአዮዲን ብክነት የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ አሳዳጊ ምንም ድርሻ የለውም ማለቴ አይደለም። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ በቀን 90 ማይክሮግራም ይበቃዋል፤ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ግን 250 ያስፈልጋታል። ከእሷ ልጇም ይካፈላልና። ስለዚህ የጨቅላው አዮዲን የሚመጣው ከእናቱ ማዕድ ነው እንጂ በአጥሚቱ ላይ ጨው በመነስነስ አይደለም። ጨው የሚገዛው አባት፣ ጥሬ ጨው አጥባ ፀሐይ ላይ የምታሰጣው አያት፣ ጨዉን ከምድጃ አጠገብ ክፍቱን የምትተወው ሞግዚት፣ ሁሉም አሳዳጊዎች ናቸው። ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥና ወጡ ሊወርድ ሲል መጨመር ምንም ወጪ አይጠይቅም። ይህን የሚሰማው ግን ብዙ ጊዜ እናት ብቻ ናት።

«አያቶቻችን በጥሬ ጨው ኖረዋል» የሚል አይጠፋም። ኖረዋል፤ እንቅርቱም አብሯቸው ኖሯል። የደጋችን አፈር በዘመናት ዝናብ እየታጠበ አዮዲኑ ስለሚሳሳ፣ የሚበቅልበት እህል ብቻውን አይበቃም። ደንቡ ከመውጣቱ በፊት በታተመ አገር አቀፍ ጥናት ከሦስት ሴቶች ከአንዷ በላይ እንቅርት ነበረባት። አንገት ላይ የሚታየው ደግሞ ቀላሉ ነው፤ የከፋው በፅንስነትና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በአንጎል ላይ የሚደርሰው ጉዳት ነው። የደም ግፊት ለሚያሳስበው ሰው፣ ጨው ያብዛ አልተባለም፤ ያንኑ ትንሹን አዮዲን ባለበት ይለውጥ ነው የተባለው።

የታሸገው ጨው ይወደዳል የሚለው ተቃውሞ ግን እውነት አለው። መልሱ ደሀዋን እናት መውቀስ አይደለም። ደንቡ ለምግብ የሚውል ጨውን ሁሉ ስለሚመለከት፣ ተቆጣጣሪው በጣሳ የሚሸጠውንም መመርመር አለበት። ጨው ላይ ሲንጠባጠብ አዮዲን ካለ ወደ ወይን ጠጅነት የሚለውጠው መፈተሻ በአንዲት ትንሽ ጠርሙስ ይያዛል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እሱን ይዘው ቤት ለቤት ከመዞራቸው በፊት በፀዳ ሱቆች ይጀምሩ፤ ውጤቱም ለቀበሌው ይነገር።

አንድ አንባቢ፣ ከፀዳ