ገጣሚውን ሸመደድነው፣ ሰዓሊውን መቼ አየነው?

እስቲ ዛሬ ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ባለፈው ሴሚስተር ለፊቸር አጻጻፍ ኮርስ ስለ ገብረ ክርስቶስ ደስታ አራት ገጽ ጻፍኩ። መምህራችን ወረቀቱን ሲመልሱልኝ ከግርጌው አንድ ጥያቄ ብቻ ሰፍሯል፦ «ከሥዕሎቹ የትኛውን አየህ?»

አንዱንም አላየሁም ነበር።

የጻፍኩት ታሪክ ስህተት አልነበረውም። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ልንገራችሁ። ገብረ ክርስቶስ በ1932 ሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ ነበር። የግብርና ትምህርት ጀምሮ ተወና ጀርመን ኮሎኝ ሄዶ ሥዕል ተማረ። በ1962 ተመልሶ አዲስ አበባ በሥነ ጥበብ ት/ቤት አስተማረ፤ በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማትን ተቀበለ። በደርግ ዘመን ተሰደደ፤ በ1981 አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ። «ሀገሬ» የሚለውን ግጥሙንማ ማን የማያውቅ አለ?

ታዲያ ምን ጎደለ? ሥዕሉ! ስደቱንና ሞቱን ተርኬ፣ ዕድሜ ልኩን የለፋበትን ሥራ «ረቂቅ ሥዕል» በሚሉ ሁለት ቃላት ዘልዬዋለሁ።

አፍሬ ማታውኑ «ጎልጎታ» የተባለውን የ1963 ሥራውን በስልኬ ፈልጌ አየሁት። ስቅለት ነው፤ ግን ቤተ ክርስቲያን ከለመድነው ስቅለት ጋር አይገናኝም። ቀዩ ቀለም ዓይን ይወጋል። እውነቱን ልናገር፣ አልገባኝም። በማግሥቱ እዚሁ አዲስ ከተማ ከተከራየሁበት ቤት አጠገብ የሱቅ ታፔላ ለሚጽፉት ጋሼ አሳየኋቸው። ዝም ብለው ብዙ አዩና፣ «ሰውየውን ሳይሆን ሕመሙን ነው የሳለው» አሉኝ። የኔ አራት ገጽ ይህቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር አታክልም።

በጊዜው «ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው» ያሉት ነበሩ። ዛሬም ከጓደኞቼ እሰማዋለሁ። እኔ ግን አልስማማም። የብራና ሠዓሊ ልጅ ስቅለትን ሲስል ከማን ተዋሰ ይባላል? የተማረው አሳሳል ከውጭ ቢሆንም ጉዳዩ የቤቱ ነው። ባንስማማ እንኳ መጀመሪያ አይተን እንከራከር እንጂ!

«ሐዋሳ ተቀምጠን የት እንየው?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ የስልክ መስታወት ሸራ አይሆንም። ለብዙ ዓመታት ጀርመን የቆዩ ሥዕሎቹ ግን አገራቸው ገብተዋል፤ በ2008 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስሙ የተሰየመ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከል ተከፍቷል። ስለዚህ ለትምህርት ክፍላችን ጥያቄ አለኝ፦ ለጉብኝት አዲስ አበባ ስንሄድ ከስቱዲዮና ከካሜራ ሌላ ለምን ግማሽ ቀን ሥዕል አናይም? ማዕከሉን አስቀድሞ አነጋግሮ ቀን መያዝ ብቻ ነው የሚፈልገው። ስንመለስም እያንዳንዳችን ስለ አንድ ሥዕል ብቻ፣ ያየነውን ያህል እንጻፍ።

ለኛ ለተማሪዎችም አንድ ቃል። ነገ ጋዜጠኛ ስንሆን ሰዓሊ ሲሸለምና ሲሞት ብቻ ማይክ ይዘን የምንሮጥ ከሆነ፣ አንባቢው ስለ ሰውየው እንጂ ስለ ሥራው ምንም አያውቅም። እኔ ወረቀቴን እንደገና እየጻፍኩት ነው። በዚህኛው ግን የመጀመሪያው አንቀጽ ስለ ቀዩ ቀለም ነው።