የዳቦ ጫፍና የዳቦ ስም

እንግሊዞች የዳቦን የመጨረሻ ቁራጭ «ተረከዝ» ይሉታል። እኛ «ጫፉ» ወይም «ቅርፊቱ» ብለን እናልፈዋለን። ድፏችን ክብ ነው፤ ሙልሙላችንም ለአንድ ሰው የሚበቃ ነው። ጫፍ ያለው ዳቦ የመጣብን ከፉርኖው ጋር ነው።

ስም ባናወጣለትም ጥቅሙን አላጣነውም። ባለሙያ ሴት ጫፉን አድርቃና ፈጭታ ለኮቶሌት ታደርገዋለች፤ አለዚያም በቅቤና በበርበሬ የዳቦ ፍርፍር ትሠራበታለች። እንጀራ ሲደርቅ ድርቆሽ እንደሚባለው ሁሉ፣ በቤት ውስጥ ትራፊም ማዕረግ አለው።

ያው ቁራጭ ከሆቴል ጓዳ ወጥቶ ከወጥና ከሩዝ ትርፍራፊ ጋር በአንድ ባልዲ ሲደባለቅ ግን «ቡሌ» ይባላል። አንባቢ ሆይ፣ ቡሌ በነጻ የሚታደል እንዳይመስልህ፤ በገንዘብ የሚሸጥ ነው። እኔ የምኖርበት ጦር ኃይሎች፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ከአያት የሚነሣው የቀላል ባቡር መስመር ጫፍ ነው። ማታ ከዚያ ባቡር የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ኪሱን ዳብሶ ከሙሉው ዳቦና ከቡሌው አንዱን ይመርጣል። በመካከል ሌላ ምርጫ አላበጀንለትም።

በፖለቲካችን «የዳቦ ስም» ማውጣት ማለት፣ ሰውን በማንነቱ ሳይሆን ለጠሪው በሚመች መጠሪያ መጥራት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 384 ሥራ አጥቶ በየመንገዱ ለሚውለው ወጣት «አደገኛ ቦዘኔ» የሚል ስም ይዞ መጣ። ቡሌ በላተኛው ከዚያ በኋላ የሚረዳ ዜጋ መሆኑ ቀርቶ የሚጠረጠር ሰው ሆነ። ምግቡን ትራፊ ካልን በኋላ በላተኛውን ትራፊ ለማለት ብዙ አልራቅንም።

በእርግጥ የተሠራ ሥራ የለም አልልም። በ2012 ዓ.ም. የሸገር ዳቦ ፋብሪካ ተመርቋል፤ «ተስፋ ብርሃን» የተባሉ የምገባ ማዕከላትም ተከፍተዋል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ስንዴ ወደ ውጭ መላክ ጀመርን ተብሎ ተበሥሯል። ይሁን እንጂ የስንዴ ፖለቲካ የሚለካው በሚላከው ኩንታል ብቻ አይደለም፤ ቡሌ ለመግዛት በሚሰለፈው ሰው ቁጥርም ነው። ሰልፉ ካላጠረ ብሥራቱ ጎዶሎ ነው።

የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው። ዳቦ ቤቶችና ሆቴሎች ንጹሑን ጫፍ ከባልዲው ይለዩት፤ በንጹሕ መደርደሪያ ላይ ያኑሩት፤ በሚዛን፣ ዋጋውን በግልጽ ለጥፈው፣ ከሙሉው ዳቦ አሳንሰው ይሽጡት። ይህ ድህነትን ማስዋብ ነው የሚሉኝ ይኖራሉ። ድህነትን ማጥፋት የመንግሥት ዕዳ መሆኑን አልዘነጋሁም። ዕዳው እስኪከፈል ድረስ ግን፣ ድሃው ንጹሕ ቁራሽ ፊት ለፊት፣ እንደ ማንኛውም ገዢ መርጦ እንዲገዛ ማድረግ በየደጃፋችን የሚቻል ነገር ነው። ያኔ ጫፉም የራሱን ስም ያገኛል፤ ዳቦ ይባላል።