ጠበቃ ወይስ የችሎት ጌጥ?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20(5) ምን ይላል? ተከሳሽ በመረጠው ጠበቃ ይወከላል፤ አቅም ካጣና ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት ያቆምለታል። በወረቀት አሜን ብለናል! እኔ ችሎት ገብቼ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ተከላካይ ጠበቃ ተብዬው መዝገቡን የገለጠው በቀጠሮው ጠዋት ነው፤ የተከሳሹን ስም እንኳ ከወረቀቱ ላይ ነው ያነበበው! ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም፤ የመዝገብ ቁልል አሸክመውታል።

ታዲያ ሀብታም ይመርጣል፣ ድሃ የደረሰውን ይቀበላል ማለት ነው? ከእጅ አይሻል ዶማ!

ወገኔ፣ ክስ ቢመጣብህ አትፈር። «ከጠበቃዬ ጋር ሳልመክር ክርክር አልጀምርም፤ ቀጠሮ ይሰጠኝ» በል። መንግሥትም ለከሳሹ ደመወዝ እንደሚቆርጥ ሁሉ ለተከላካዩም በቂ ሰው ይቅጠር። አለዚያ ችሎቱ ክርክር ሳይሆን ለቅሶ ቤት ነው!