የአዋሽ ጠባቂ መሥሪያ ቤት ቋሚ ይሁን!



ባለፈው ስብሰባችን ላይ አንድ ወንድማችን ተነሥቶ፣ «የራሳችን ቱቦ ሞልቶ እየፈሰሰ፣ እኛ የአቃቂ ሰዎች ስለ አዋሽ ምን አገባን?» ሲል ብዙ ሰው ሣቀ። እኔም ሣቅሁ፤ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ። እንዴት አያገባን! ከእንጦጦ ተራሮች ወርዶ፣ ቀበናን ጨምሮ፣ የከተማውን እድፍ ሁሉ ሰብስቦ የሚመጣው ውኃ የሚያልፈው በእኛ ደጃፍ ነው። ከእኛ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከአባ ሳሙኤል ወደ አዋሽ፣ ከአዋሽ ወደ ቆቃ ይሄዳል። የአዳማ ሰው የሚጠጣው ከዚያው ከአዋሽ ተጣርቶ ነው። ታዲያ የእኛ ቱቦና የአዋሽ ጉዳይ ሁለት ነገር ነው እንዴ?

ለአዋሽ ጠባቂ ተሰጥቶት አያውቅም የሚል ካለ ተሳስቷል። ተሰጥቶታል፤ ያውም ደጋግሞ። ግን አንዱም አልረጋም። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ እሱ ቀረና ሥራው ሸለቆዎችን ሁሉ ለሚያለማ ሌላ ባለሥልጣን ተሰጠ፤ ቆየት ብሎም ወደ ውኃ ሀብት መሥሪያ ቤቶች ዞረ። በ1999 ዓ.ም. የተፋሰስ ምክር ቤቶችና ባለሥልጣናት አዋጅ ቁጥር 534 ወጣ፤ በእሱ መሠረት አዋሽ እንደገና የራሱን ባለሥልጣን አገኘ። እሰይ ተባለ። ይኸው ዐሥር ዓመት ያህል እንደ ቆየ፣ በ2011 ዓ.ም. ተፋሰሶቹ ሁሉ በአንድ የተፋሰሶች ልማት ባለሥልጣን ሥር ይሁኑ ተባለ። የእሱም ዕድሜ ሦስት ዓመት ብቻ ሆነ። በ2014 ዓ.ም. የአስፈጻሚ አካላት አዋጅ ሲታወጅ ከስሞ ሥራው ወደ ውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ገባ። ልጅ እንኳ እንዲህ ከአሳዳጊ ወደ አሳዳጊ ቢዞር ምን ሆኖ እንደሚያድግ እናንተው ፍረዱ።

መሥሪያ ቤት ሲፈርስ ምን እንደሚጠፋ በዓይናችን አይተናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሦስት ሆነን፣ ወንዙ አንድ ቀን ቀይ አንድ ቀን ሰማያዊ ሆኖ ሲወርድ አላስችል ብሎን፣ አቤቱታ ጽፈን ወደሚመለከተው ክፍል ሄድን። ማመልከቻችን ተመዘገበ፤ ቁጥር ተሰጠን። በቀጠሮው ስንመለስ በሩ ላይ የተለጠፈው ስም ሌላ ነው። ዘበኛው «እነሱ ሄደዋል» አለን። ወዴት? አያውቅም። ፍለጋ ስንዞር ሰንብተን አንድ ትሑት ጸሐፊ «ፋይሉ በርክክብ ላይ ነው» አለችን። እሷ ምን ታድርግ! ያ ርክክብ እስከ ዛሬ አላለቀም መሰለኝ፤ ቁጥሩ ግን አሁንም ኪሴ ውስጥ አለ። ያንን ቀለም የሚለቅቀው ማን እንደሆነ ሊመረምር የጀመረ ባለሙያ ነበረ ይባላል። ወዴት እንደ ተዛወረ የሚነግረን አጣን።

«ሌላ ባለሥልጣን ማለት ሌላ መኪና፣ ሌላ አበል ነው፤ ሚኒስቴሩ አለ አይደለም ወይ?» የሚሉ አሉ። ስለ አበሉ የሚሉትን አልክድም፤ የታዘብኩት ነው። ነገር ግን ሚኒስቴር የመጠጥ ውኃም መብራትም አለበት። ለሁሉ የሚያከፋፍል አካል ሲሰፍርም ሲቆጣጠርም ዳኛው ማን ሊሆን ነው? ደግሞም ወንዝ በአንድ በጀት ዓመት የሚለካ ነገር አይደለም። ክረምት ከበጋ፣ ዓመት በዓመት፣ በአንድ ቦታ ተቀምጦ መጠኑንና ጥራቱን የሚመዘግብ ይፈልጋል። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀውን የቆቃ ግድብ ስንት ደለል ሞላው? በ2012 ክረምት አዋሽ ሞልቶ በአፋር ብዙ ሺህ ሰው አፈናቀለ፤ እንዲህ ያለውን ቀድሞ የሚያውቅ የትናንቱን መዝገብ የያዘ ሰው ነው።

ከተማችን ምንም አልሠራችም አልልም። በ2011 ዓ.ም. 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት፣ 29 ቢሊዮን ብር ተገምቶ፣ ሥራ ተጀመረ። ወንዝ የሚበክለውንም መቅጣት መጥቷል፤ ይበል ነው። ዳርቻው አማረ፤ ውኃውስ? እስቲ ከታች ጎመንና ሰላጣ በዚሁ ውኃ የሚያለማውን ገበሬ ጠይቁት። ጎመኑ ተመልሶ የሚመጣው ወደ እኛው ገበያ ነው። ደግሞ የከተማው ደንብ ከከተማው ወሰን አያልፍም። አዋሽ ግን ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። የጣሉበትን ሁሉ ይዞ የሚቀረው እዚያው አገር ውስጥ ነው።

ቋሚ ይሁን ስል ግን እንደ ድሮው ይሁን ማለቴ አይደለም። የ1954ቱ ባለሥልጣን ዓይኑ ጥጥና ሸንኮራ ላይ ነበር፤ እርሻው ሲሰፋ የአፋር አርብቶ አደር በበጋ ከብቱን የሚያሰማራበትን ሣር አጣ። እንዲህ ያለ ጠባቂ አንፈልግም። የምንጠይቀው የራሱ አዋጅ ያለው፣ ካቢኔ በተለወጠ ቁጥር በአስፈጻሚ አካላት አዋጅ በአንድ አንቀጽ የማይታጠፍ መሥሪያ ቤት ነው። ይፍረስ ከተባለም የተፋሰሱ ሕዝብ ተሰምቶ፣ ምክር ቤት በግልጽ ተከራክሮበት ይሁን። ከውኃ ተጠቃሚው የሚሰበሰበው ክፍያ ወደ ወንዙ ሥራ ይመለስ። በቦርዱም ላይ አትክልት አምራቹና አርብቶ አደሩ ይቀመጡ፤ ሹማምንት ብቻ አይሁኑ።

ይህንኑ የያዘ ማመልከቻ ለተወካያችን ልንልክ ነው። ወረቀቱ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አለ፤ እሑድ ከእድሩ ወርኃዊ ክፍያ በኋላ መፈረም ይቻላል። ያ ወንድማችንም ቢመጣ ደስ ይለኛል፤ የቱቦውን ጉዳይ በሦስተኛው ተራ ቁጥር አስገብተንለታል። እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ።

ከማኅበሩ አባላት አንዱ